የቢሮና የቀላል ኢንዱስትሪ ቦታ ተከራይ ዛሬ ምን ይፈልጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባዶ ፎቅ የታቀፈ አከራይ «ገበያው ሞቷል» ይላል። ቦታ ፈልጎ ያጣ ተከራይ ደግሞ «ገበያው ጦፏል» ይላል። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢሮዬ መጥተው ሊነግሩኝ ይችላሉ፤ ሁለቱም አይዋሹም። በኪራይ ማማከር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት አከራዮችም ተከራዮችም ደጋግመው ያነሡብኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተከራይ ፍላጎት በምን ይለካል? የተፈረመ ውል ብዛት አይበቃም?

አይበቃም፤ እንዲያውም ያሳስታል። 2,000 ካሬ ሜትር የያዘ ድርጅት ቦታውን ለቆ ሌላ ሕንፃ ላይ 1,200 ካሬ ሜትር ተከራየ እንበል። ደላላው «1,200 ካሬ አከራየሁ» ብሎ ይመዘግባል፣ ዜናውም ያንኑ ይዞ ይወጣል። ገበያው ግን በዚያ ቀን 800 ካሬ ሜትር አጥቷል። ስለዚህ መታየት ያለበት የተጣራው ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ በተከራይ ከተያዘው ቦታ ላይ በዓመቱ መጀመሪያ ተይዞ የነበረውን ቀንሶ የሚቀረው ማለት ነው።

የክፍት ቦታ ድርሻም (ከጠቅላላው ቦታ ያልተከራየው በመቶ ሲሰላ) ለብቻው ሲታይ ይዋሻል። ተከራዮች አንድ ካሬ ሳይለቁ፣ ሦስት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንድ ዓመት ቢመረቁ ድርሻው ይጨምራል። ይህን አይቶ «ፍላጎት ወደቀ» የሚል ሰው የጨመረውን አቅርቦት ረስቶታል። እኔ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳላስቀምጥ ለማንም አስተያየት አልሰጥም።

ቢሮ ሞቷል ይባላል። እውነት ነው?

ለጋዜጣ ርዕስ ይመቻል እንጂ ለሥራ አይረዳም። ጉዳቱ ከባድ መሆኑ አይካድም። በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች የቢሮ ክፍት ቦታ ድርሻ በ2023 መጨረሻ 19.6 በመቶ መድረሱን የገበያ ጥናት ድርጅቱ ሙዲስ አናሊቲክስ መዝግቧል፤ ድርጅቱ ከ1979 ጀምሮ በያዘው መዝገብ ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከፍተኛው ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ጣሪያ 19.3 በመቶ ሲሆን በ1986ና በ1991 የታየ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የያኔው ባዶነት የመጣው ሕንፃ ከሚገባው በላይ ስለተሠራ ነው። የአሁኑን ያመጣው ግን በአብዛኛው የአሠራር ለውጥ ነው፤ ሕንፃው እዚያው ቆሞ ሰውዬው ቤቱ ቀረ።

ነገር ግን ይህ ባዶነት ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በአንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ከቆሙ ሁለት ሕንፃዎች አንደኛው ሞልቶ ተራ የሚጠበቅበት፣ ሌላው ሦስት ፎቅ ጨለማ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ተከራዩ ቦታ ሲቀንስ የተረፈውን ገንዘብ ይዞ ወደ ተሻለ ሕንፃ ይወጣል። ኤችኤስቢሲ ባንክ በ2023 ያደረገው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በለንደን ካናሪ ዋርፍ ያለውን ባለ 45 ፎቅ ዋና መሥሪያ ቤቱን ለቆ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አቅራቢያ ወደሚገኝ በጣም ያነሰ፣ ነገር ግን እንደ አዲስ ወደታደሰ ሕንፃ እንደሚዛወር አስታወቀ። ካሬው አነሰ፤ የቦታው ደረጃ አልወረደም።

ችግር ውስጥ የገቡት መካከለኞቹ ናቸው። እጅግ ርካሽ ያልሆኑ፣ እጅግ ጥሩም ያልሆኑ፣ ከ25 ወይም 30 ዓመት በፊት ተሠርተው ከዚያ ወዲህ ቀለም ብቻ የተቀቡ ሕንፃዎች።

የኮቪድ ወረርሽኝ ካለፈ ቆይቷል። ታዲያ ባዶ ቦታው ለምን ከ2020 በኋላም ለዓመታት ጨመረ?

ውል ስላለ ነው። በ2018 ወይም በ2019 የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ውል የፈረመ ድርጅት ሠራተኛው ባይመጣም ኪራዩን መክፈሉን ይቀጥላል። ውሳኔውን ተግባራዊ የሚያደርገው ውሉ ሲያልቅ ነው። በመካከሉ የሚታይ ምልክት ቢኖር ተከራዩ ራሱ የተረፈውን ፎቅ ለሌላ ሰው ማከራየት መጀመሩ ነው፤ በእኛ ሥራ ቋንቋ ሰብሊዝ የሚባለው። ሰብሊዝ በበዛበት ገበያ የክፍት ቦታው መዝገብ ዝቅ ብሎ ቢታይም አይመኑት።

ሰብሊዝ ለተፎካካሪ አከራይ መጥፎ ጎረቤት ነው። የመጀመሪያው ተከራይ ትርፍ አይፈልግም፤ ከኪሳራው የተወሰነውን ማስመለስ ብቻ ስለሚፈልግ ዋጋ ይሰብራል። ወንበሩና ጠረጴዛውም እዚያው ይቀራል። ለፈላጊው ግን ሲሳይ ነው፤ የቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይ በ2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሁለት ሕንፃዎችን የያዘው ከኡበር ላይ በሰብሊዝ ነበር።

ሠራተኛው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ድርጅቱ ቢሮውን ለምን በግማሽ አይቀንስም?

በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ ያለው ስሌቱ ውስጥ ነው።

100 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት እንውሰድ። እያንዳንዱ በሳምንት ሦስት ቀን ቢመጣ በሳምንቱ 300 የሰው ቀን ይሆናል፤ ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 60 ሰው። «እንግዲያው 60 ወንበር ይበቃኛል» ይላል ሥራ አስኪያጁ። ሰው ግን በአማካይ አይመጣም። ሰኞ 45፣ ማክሰኞ 75፣ ረቡዕ 80፣ ሐሙስ 70፣ ዓርብ 30 ሆኖ ይመጣል። ድምሩ ያው 300 ነው። ረቡዕ ዕለት ግን 60 ወንበር ካለ 20 ሰው ቆሞ ይውላል፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ደግሞ ጨርሶ አይመጣም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ወንበር 80 ነው። በወረቀት ላይ 40 በመቶ የነበረው ቁጠባ 20 ሆነ።

በዚህም አያበቃም። ሰው ቤቱ ሆኖ መሥራት የሚችለውን ሥራ ለመሥራት ቢሮ አይመጣም፤ የሚመጣው ከሰው ጋር ለመነጋገር ነው። ስለዚህ የስብሰባ ክፍሎች ይጨመራሉ፤ በተለይ ለሁለትና ለሦስት ሰው የሚሆኑ ትንንሾቹ፣ በስክሪን ለመነጋገር የሚዘጉ የስልክ ክፍሎችም እንዲሁ። 16 ሰው የሚይዘው ትልቁ ክፍል ሦስት ሰው ተቀምጦበት ውሎ በትንንሾቹ ላይ ሽሚያ ሆነ ሲባል የማልሰማበት ወር የለም። ከ20 በመቶው ቁጠባ ላይ ይህ ሲነሣ የቀረው ጥቂት ነው።

ግማሽ እቀንሳለሁ ብሎ መጥቶ ግማሽ የቀነሰ ተከራይ የሚያጋጥመኝ ሠራተኞቹ በአብዛኛው ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ሲኖሩ ነው። ሌላው ሲቀንስም ተጠንቅቆ ነው። ቀድሞ የተጠቀሰው ኤችኤስቢሲ እንኳ አዲሱ ሕንፃ እንደማይበቃው ታይቶ በ2025 እዚያው እለቀዋለሁ ባለው ካናሪ ዋርፍ ተጨማሪ ቦታ ያዘ። አማዞን ደግሞ በመስከረም 2024 የቢሮ ሠራተኞቹ ከጥር 2025 ጀምሮ አምስቱንም ቀን እንዲመጡ አዘዘ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የወጣበት ድርጅት ለ60 ሰው በተሰላ ቢሮ ውስጥ መቶ ሰው ይዞ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ተከራይ ቢሮ ሊያይ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይጠይቃል?

ድሮ «ስንት ካሬ ነው? ካሬው በስንት?» ነበር። አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ «ሠራተኞቼ እዚህ የሚደርሱት በምንድን ነው?» የሚል ሆኗል። ቤት መቀመጥ አማራጭ የሆነለት ሠራተኛ ሁለት ትራንስፖርት ቀይሮ ለመምጣት ምክንያት ይፈልጋል። ከባቡር ወይም ከአውቶቡስ ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ባለ ሕንፃና ሃያ አምስት ደቂቃ ባለ ሕንፃ መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ ከምንጊዜውም ሰፍቷል።

ቀጥሎ ብርሃንና አየር ይመጣል። መስኮት ይከፈታል ወይ? ንጹሕ አየር ከውጭ የሚገባው በምን መጠን ነው? ከዚያ ኢንተርኔት፤ እሱም «አለ ወይ» ተብሎ ሳይሆን «በሁለት የተለያዩ አቅራቢዎች፣ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ይገባል ወይ» ተብሎ ነው። አንዱ ገመድ ሲቆረጥ ሁለተኛውም በዚያው ቦይ ውስጥ አልፎ ከነበረ ሁለት አቅራቢ መኖሩ ዋጋ የለውም።

አከራዮች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ አሳንሰርና መጸዳጃ ቤት። እነዚህ የተሰሉት ሕንፃው ሲነደፍ በታሰበው የሰው ብዛት ነው። ተከራዮች ቦታቸውን አጥብበው በማክሰኞና በረቡዕ ሲጨናነቁ፣ በአማካይ ግማሹ ባዶ የሆነ ሕንፃ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በአሳንሰር ሰልፍ ይታወቃል። የመግቢያውን አዳራሽ እብነ በረድ የጠየቀኝ ተከራይ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በውሉ ላይ የተጻፈው ካሬና የምጠቀምበት ካሬ ለምን ይለያያሉ?

የደረጃው፣ የኮሪደሩና የጋራ መጸዳጃው ድርሻ ስለሚጨመርበት ነው። ውሉ 500 ይላል፣ ጠረጴዛ የሚዘረጋበት 400 ነው። ተከራዮች አሁን ኪራዩን ለ400ው አካፍለው ያነጻጽራሉ፤ ስለዚህ የጋራ ቦታው የበዛበት ሕንፃ በካሬ ርካሽ መስሎ በተግባር ውድ ሊሆን ይችላል። አለካኩን አንድ ለማድረግ በ2014 ለቢሮዎች ዓለም አቀፍ የመለኪያ ደረጃ ወጥቷል፤ የትኛው መለኪያ እንደተሠራበት ውሉ ውስጥ ያስጽፉ።

ፊኒሺንጉ የተጠናቀቀ ቢሮ ለምን ተፈላጊ ሆነ?

ባዶ ወለል ተረክቦ ፓርቲሽን፣ ኤሌክትሪክ፣ መብራትና የቤት ዕቃ ማስገባት ወራት ይፈጃል፤ በእነዚያ ወራት ተከራዩ ለሁለት ቦታ ሊከፍል ይችላል። የአሥር ዓመት ውል ከሆነ ወጪው በአሥር ዓመት ይከፋፈላል። ውሉ ሦስት ዓመት ሲሆን ግን ያው ወጪ በሦስት ይካፈላልና ለተከራዩ አያዋጣም። ውል እያጠረ ሲሄድ ፊኒሺንጉ ወደ አከራዩ ትከሻ የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። ከ200 እስከ 500 ካሬ ሜትር ባለው መጠን ላይ ጠረጴዛው ሳይቀር የገባበት ቢሮ ቶሎ ይያዛል። ከዚያ በላይ የሆነ ተከራይ የራሱ አርክቴክት ስላለው የእርስዎን ፓርቲሽን ሊያፈርስ ይችላል፤ ለእሱ አይልፉ።

ዊወርክ ከከሰረ በኋላ በወር የሚከራይ የጋራ ቢሮ ፍላጎት አለው?

አለው። በጥር 2019 47 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው የጋራ ቢሮ አከራዩ ዊወርክ በኅዳር 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የወደቀው ሰው የጋራ ቢሮ ስለጠላ ሳይሆን የረጅም ዓመት ኪራይ ግዴታ ገብቶ በወር ለሚለቅ ደንበኛ ስላከራየ ነው፤ ገቢው ሲወርድ ወጪው እንዳለ ቆመ። ዛሬ ብዙ አከራዮች ከጋራ ቢሮ አንቀሳቃሽ ጋር ቋሚ ኪራይ ከመዋዋል ገቢ መካፈልን ይመርጣሉ። አንድ ፎቅ በዚህ መንገድ መያዝ ሌሎቹንም ይረዳል፤ ከላይ ያለው ተከራይ ለሁለት ወር ፕሮጀክት 15 ወንበር ሲያስፈልገው ሕንፃውን ሳይለቅ ያገኛል።

የኃይል ቁጠባ ደረጃ ነገር የማስታወቂያ ማሳመሪያ ነው ወይስ ተከራይ በእርግጥ ያየዋል?

በአንዳንድ አገሮች ማየት ወይም አለማየት የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በኔዘርላንድስ ከጥር 2023 ጀምሮ ከ100 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ቢሮ የኃይል ቁጠባ ደረጃው (ከ«ኤ» ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ነው) ቢያንስ «ሲ» ካልሆነ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ቢሮ ሆኖ ማገልገል አይችልም። በእንግሊዝና በዌልስ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ከ«ኢ» በታች የሆነን የንግድ ሕንፃ፣ የተፈቀደ ምክንያት ካልተመዘገበ፣ ማከራየትም በኪራይ ማቆየትም ሕገ ወጥ ነው። ኒው ዮርክ በ2019 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 97 ትልልቅ ሕንፃዎች ከ2024 ጀምሮ የካርቦን ልቀት ጣሪያ ተጥሎባቸዋል፤ ያለፈ ይቀጣል።

ትልልቅ ተከራዮች የልቀት መጠናቸውን በየዓመቱ ስለሚያሳውቁ የሚከራዩት ሕንፃ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ በሪፖርታቸው ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ሊድ ወይም ብሪያም የሚባሉትን፣ ሕንፃው ለአካባቢ ተስማሚ መሆኑን የሚመሰክሩ ወረቀቶች ከጉብኝት በፊት የሚጠይቁት። ትናንሽ ተከራዮች ስለ ወረቀቱ ግድ የላቸውም። የሚጠይቁት የባለፈውን ዓመት የመብራት ሂሳብ ነው፤ የእነሱን ጥያቄ እወደዋለሁ።

«ቀላል ኢንዱስትሪ» ሲባል የትኛው ቦታ ነው?

መገጣጠም፣ ማሸግ፣ ማተም፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ ጥገና፣ አነስተኛ ማከማቻና የከተማ ውስጥ ዕቃ ማደያ የሚካሄድባቸው ሼዶች ናቸው። ጭስ፣ ከባድ ድምፅና አደገኛ ፍሳሽ ስለማያበዙ ለመኖሪያ ቀረብ ብለው ሊቆሙ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ቢሮ አላቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ለብዙ ተከራይ የሚከራዩት በጣም የተለመዱ ናቸው።

የቀላል ኢንዱስትሪ ፍላጎት እንዲህ የጨመረው ለምንድን ነው?

ሦስት ነገሮች ተደራርበው ነው። አንደኛው የኢንተርኔት ግብይት ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ሱቁ ራሱ መጋዘኑ ነው፤ በኢንተርኔት የሚሸጠው ግን እያንዳንዱ ዓይነትና መጠን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ተለቅሞ፣ ታሽጎ፣ ከተመለሰም እንደገና ተፈትሾ የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል። ትልቁ የመጋዘን አከራይ ፕሮሎጂስ ለተመሳሳይ ሽያጭ የኢንተርኔት ንግድ ከሱቅ ንግድ ሦስት እጥፍ ያህል የመጋዘን ቦታ እንደሚፈልግ ሲናገር ቆይቷል።

ሁለተኛው ስጋት ነው። ለዓመታት የፋብሪካዎች ብልሃት ዕቃን በሚፈለግበት ሰዓት ማስመጣትና ምንም አለማከማቸት ነበር። በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ በስዊዝ ቦይ ለስድስት ቀን ተጋድማ መንገድ ስትዘጋ፣ ከዚያ በፊትም በወረርሽኙ ወደቦች ሲጨናነቁ፣ የአንድ መለዋወጫ እጥረት ሙሉ የማምረቻ መስመር አቆመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድርጅት የሁለትና የሦስት ወር መጠባበቂያ መያዝን መረጠ፤ መጠባበቂያ ደግሞ ጣሪያ ይፈልጋል።

ሦስተኛውን ሰው ብዙም አያነሣውም፤ መሬት። በከተማ ዳርቻ የነበሩ አሮጌ ወርክሾፖችና ሼዶች ፈርሰው አፓርታማ ተሠርቶባቸዋል። እነዚያ አፓርታማዎች ውስጥ የገቡት ሰዎች ዕቃ በየቀኑ ያዛሉ፤ የሚያደርስላቸው ሼድ ግን ቤታቸው ከተሠራበት መሬት ላይ ተነሥቷል።

እንግዲያው የሼድ ፍላጎት አይወርድም ማለት ነው?

ይወርዳል እንጂ። አማዞን በወረርሽኙ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጋዘን መረቡን በእጥፍ ያህል አስፍቶ በ2022 ከሚያስፈልገው በላይ መያዙን አመነ፤ የተወሰነውን ለሌላ ማከራየት፣ ያሰበውንም መሰረዝ ጀመረ። ያን ጊዜ የደነገጠው በግዙፍ መጋዘን ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ነው። በመቶና በሺህ ካሬ ሜትር የሚለካውን ሼድ የያዘው ሰው ድንጋጤው ብዙም አልደረሰበትም፤ ተከራዮቹ አንድ ትልቅ ድርጅት ሳይሆኑ ሃያ የተለያዩ ሥራዎች ስለነበሩ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይተካል።

ተከራይ ሼድ ሲመርጥ የሚያየው ምንድን ነው?

ወለሉን በካሬ አያስበውም፤ በኪዩብ ነው። 6 ሜትር ከፍታ ያለው 1,000 ካሬና 10 ሜትር ከፍታ ያለው 1,000 ካሬ የተለያዩ ሼዶች ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ ተጨማሪ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ መደርደሪያ ይገባል። ከፍታውም የሚለካው እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ሳይሆን ዝቅ ብሎ እስከሚያልፈው ብረት ወይም የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ድረስ ነው። መደርደሪያ ሲቆም ደግሞ ክብደቱ በእግሮቹ በኩል በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ለዘመናዊ መጋዘን ወለል በካሬ ሜትር 5 ቶን መሸከም የተለመደ መመዘኛ ነው።

ከዚያ በር፣ ራምፕና ዕቃ ማውረጃ ነው። የጭነት መኪና አልጋ ከመሬት 1.2 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ትልቅ ጭነት የሚቀበል ተከራይ ወለሉ በዚያ ቁመት የሆነ መድረክ ይፈልጋል። በፒካፕና በቫን የሚሠራው ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ገብቶ የሚያራግፍበትን ደልዳላ በር ይመርጣል። ሁለቱንም ዓይነት በር የያዘ ሼድ ሲያጋጥመኝ ማስታወቂያ ሳላወጣ ተከራይ አገኛለሁ።

ግቢው ግን ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ማሸጊያ አምራች ሼድ ሳሳይ ከፍታው፣ ወለሉ፣ ኃይሉ ሁሉ ልክ ነበር። ሰውዬው ሹፌሩን ጠርቶ «ግባና ዙር» አለው። ተሳቢ ያለው መኪና 16.5 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል፤ የጥበቃ ቤቷ ጥግ ላይ ደርሶ ቆመ። ሦስቴ ሞክሮ አልዞረም። ባለቤቱ የጥበቃ ቤቷን አፍርሶ አራት ሜትር ወደ ግራ አሠራት፤ ውሉ በሦስተኛው ሳምንት ተፈረመ። ከዚያ በፊት ያ ሼድ ስምንት ወር ባዶ ቆሞ ነበር፤ ባለቤቱም ኪራይ ሁለቴ ቀንሶ ነበር።

ኤሌክትሪክ ይህን ያህል ወሳኝ ነው?

ስሪ ፌዝ (ለማሽን የሚሆነው ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) አለ መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ምን ያህል ኪሎ ዋት ተፈቅዷል የሚለው ነው ጥያቄው። ማሽን እየዘመነ ሲሄድ ኃይል ይጠይቃል፣ ማቀዝቀዣ ያለው ማከማቻ ይጠይቃል፣ ቫኖችም በኤሌክትሪክ መሥራት ጀምረዋል። 20 ቫን እያንዳንዱ በ11 ኪሎ ዋት አንድ ላይ ቻርጅ ቢደረጉ 220 ኪሎ ዋት ነው፤ ያውም ሼዱ ውስጥ አንድ ማሽን ሳይነሣ። በተራ እንዲሞሉ ማድረግ ፍላጎቱን ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም።

የዳታ ማዕከሎችም ያንኑ ኃይልና ያንኑ መሬት ይሻማሉ። በ2022 በምዕራብ ለንደን ሦስት ክፍለ ከተሞች አዳዲስ ግንባታዎች ዋናውን የኃይል መስመር ለማግኘት እስከ 2035 ሊጠብቁ እንደሚችሉ ተነገራቸው፤ የቀረውን አቅም በብዛት የያዙት ዳታ ማዕከሎች ነበሩ። ስለዚህ አስቀድሞ የተፈቀደ ትልቅ ኃይል ያለው አሮጌ ሼድ፣ ኃይል ከሚጠብቅ አዲስ ሼድ ይልቅ የሚፈለግበት ጊዜ አለ።

ትናንሽ ሼዶች ለምን አይሠሩም? ሁሉም ሰው የሚፈልገው እነሱን ነው።

አንድ 10,000 ካሬ ከመሥራት ይልቅ ሃያ ባለ 500 ካሬ መሥራት በካሬ ይበልጥ ያስወጣል። ሃያ በር፣ ሃያ ቆጣሪ፣ ሃያ መጸዳጃ፣ አሥራ ዘጠኝ መለያያ ግድግዳ። ከዚያም ሃያ ውልና ሃያ ኪራይ ሰብሳቢነት። ባንክ ደግሞ በአንድ ትልቅ ስም የተፈረመ የ15 ዓመት ውልን እንደ መያዣ ያየዋል፤ የሃያ ትናንሽ ድርጅቶችን ፊርማ ግን ይጠራጠራል።

ባዶ ቢሮን ወደ መኖሪያ ወይም ወደ መጋዘን መቀየር አይቻልም?

ወደ መጋዘን፣ በጣም አልፎ አልፎ። የቢሮ ወለል በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ነው የሚሰላው፤ የመጋዘኑን 5 ቶን ያስታውሱ። ወደ መኖሪያ ይቻላል፣ የተፈጥሮ ብርሃን ግን ከመስኮት ስድስት ሰባት ሜትር አልፎ ብዙም ስለማይገባ ሰፊና ጥልቅ ወለል ያለው ሕንፃ መሃሉ ጨለማ ይሆናል። ቀጭን ሕንፃ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

ውሎች ለምን አጠሩ?

ነገን መገመት ስለከበደ ነው ይባላል፤ ትክክልም ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ከጥር 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አይኤፍአርኤስ 16 የሚባለው የሂሳብ ደረጃ ተከራይ ድርጅት ኪራዩን እንደ ዕዳ በሂሳብ ሚዛኑ ላይ እንዲያሰፍር ያስገድዳል፤ 12 ወርና ከዚያ በታች የሆነ ኪራይ ሊቀር ይችላል። ውሉ በረዘመ ቁጥር የሚታየው ዕዳ ይገዝፋል። ስለዚህ የፋይናንስ ኃላፊው ከውሉ ጠረጴዛ ዳር መቀመጥ ጀመረ። በተለይ የሚደራደሩበት በመካከል ላይ የመውጫ አንቀጽ እንዲገባ ነው፤ የአሥር ዓመት ውል ሆኖ በአምስተኛው መውጫ ያለው። የሼድ ተከራይ ግን ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ ውል ይፈልጋል፤ ማሽን ተክሎ፣ መሠረት ቆፍሮ፣ ፈቃድ አውጥቶ በየሁለት ዓመቱ መንቀል አይችልም።

የወለድ መጠን የተከራይን ፍላጎት ይነካል?

በቀጥታ ከሚነካው ይልቅ ዞሮ የሚነካው ያመዝናል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ከዜሮ አጠገብ ወደ 5.25–5.50 በመቶ ሲያደርሰው አዲስ ግንባታ የጀመረ ጥቂት ሆነ። ሕንፃ ለመሠራት ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃልና ያኔ ያልተጀመረው ቢሮ በኋላ ላይ ጥሩ ቦታ ለሚፈልገው ተከራይ እጥረት ሆኖ ይመጣል።

ቦታዬ ስድስት ወር ባዶ ቆሟል። ኪራይ ልቀንስ?

መጀመሪያ የእፎይታ ጊዜን ያስቡ። በአምስት ዓመት ውል ላይ ስድስት ወር ነፃ መስጠት ከ60 ወር ስድስቱን መተው ነው፤ 10 በመቶ ቅናሽ ማለት ነው። የተከራዩ ጥቅም ከ10 በመቶ የኪራይ ቅናሽ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ፣ በውሉ ላይ የሚጻፈው ኪራይ ግን አይነካም፤ ሕንፃውን ለባንክ ሲያስገምቱም ሆነ ጎረቤት ተከራይ ውሉን ሊያድስ ሲመጣ የሚታየው ያ ቁጥር ነው። ተከራዮችም ይህን ስሌት ያውቁታል፤ የተጻፈውን ትተው የተጣራውን አውጥተው ነው የሚደራደሩት።

ከዚያ በፊት ግን ስልክ ያንሡ። ባለፉት ስድስት ወራት መጥተው አይተው ያልተመለሱትን ሰዎች አንድ በአንድ ይደውሉና ለምን እንደተዉት ይጠይቁ። «ዋጋ» የሚለውን መልስ እንዳለ አይቀበሉት፤ ለመለያየት የሚባል ጨዋነት ነውና «በስንት የያዙት ሌላ ቦታ ምን ነበረው?» ብለው ይቀጥሉ። ከአሥሩ አራቱ ስለ አሳንሰሩ፣ ስለ ትራንስፎርመሩ ወይም ስለ መኪና መዞሪያው ከነገሩዎት፣ አንድ አናጺ ወይም አንድ ኤሌክትሪሻን ጠርተው የሥራውን ዋጋ ያስወጡና ከስድስት ወር ኪራይ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት።